ድምሩ 12 ቮልት ነው፣ አንዱ ባትሪ ግን ለምን ይግላል?

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። «መብራት በጠፋ ቁጥር ዋይፋይ ይቋረጥብኛል። ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ሦስት ድንጋይ አውጥቼ በሲሪየስ፣ ማለትም የአንዱን ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ ጋር፣ አያያዝኳቸው። የምሞላቸው በራውተሩ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ነው። ስለካው ከ12 አያልፍም፤ መሃል ያለው ግን በጣም ይግላል። ራውተሩም ትንሽ ከሠራ በኋላ እየጠፋ ይነሳል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አዳፕተሩን ንቀለው።

የተሸወድከው ዳርና ዳር ብቻ ስለለካህ ነው። እነዚህ 18650 የሚባሉት የሊቲየም ድንጋዮች ሲሞሉ 4.2 ቮልት ናቸው፤ ከዚያ ማለፍ የለባቸውም። 12ን ለሦስት ስታካፍል 4 ይመጣል፣ በወረቀት ላይ ሰላም ነው። አሮጌ ድንጋዮች ግን እኩል አይካፈሉም። አቅሙ የደከመው ቀድሞ ይሞላል፤ ሌሎቹ ገና ስለሆኑ በእሱ ላይ መጨመሩ አይቆምም። ሁለቱ 3.75 ላይ እያሉ አንዱ 4.5 ቢደርስ ድምሩ ያው 12 ነው። ቴስተሩ ደህና ይልሃል፣ አንዱ ድንጋይ ግን እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው ለካ። የጋለው ምንም ቁጥር ቢያሳይ አይመለስም። ውስጡ ሾርት አድርጎ ከሆነ እንዲያውም ቮልቱ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነህ ከቤት ውጭ፣ የሚቀጣጠል ነገር የሌለበት ቦታ አቆየው። ቆርቆሮ ውስጥ አታሽገው፤ ከቆሻሻ ጋርም አታቃጥለው።

የቀሩትንም ፈትናቸው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ድንጋይ አይሞከርም። ደህና የመሰለህን በነጠላ ቻርጀር ለየብቻው 4.2 ድረስ ሙላና ሳምንት አስቀምጠው። ከ4 በታች ከወረደ የያዘውን ቻርጅ በራሱ ያፈሳልና ተወው።

አሁን ወደ ዋናው። ባለ ሦስት ድንጋይ መከላከያ ቦርድ ግዛ፤ ሻጮቹ ቢኤምኤስ ይሉታል። አንዱ ድንጋይ ብቻ እንኳ ከልክ ቢያልፍ ወይም ከልክ በታች ቢወርድ መስመሩን ይቆርጣል። ርካሾቹ ይህን ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ባላንስ የሚያደርገውን፣ ማለትም የሦስቱን ቮልት የሚያመጣጥነውን ጠይቅ። ቦርዱ ላይ 0፣ 4.2፣ 8.4፣ 12.6 ተብሎ ተጽፏል፤ ከ0 ጀምረህ በቅደም ተከተል አያይዝ። ቦርዱ ቻርጀር አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ለሦስት የሊቲየም ድንጋይ የተሠራ ባለ 12.6 ቮልት ቻርጀር ለብቻው ያስፈልግሃል።

ድንጋዩ ላይ በቀጥታ ስታኞ አታድርግ፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። መያዣ ግዛለት። የላይኛው ፕላስቲኩ የተላጠ ካለም ሳታለብሰው አትጠቀም። መላ አካሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ አናቱ ላይ ያለችው ብቻ ናት። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሽቦ ሾርት ታደርገዋለች። ከፖዘቲቩ አጠገብ ፊውዝ አስገባ፤ ራውተርህ 1 አምፔር የሚል ከሆነ ባለ 2 አምፔር ይበቃዋል።

ራውተሩ ጠፍቶ የሚነሳው ቮልቱ ሲወርድበት ነው። ሦስቱ ድንጋዮች ሲሞሉ 12.6፣ ሊያልቁ ሲሉ ደግሞ 9 አካባቢ ናቸው። በመሃል ቮልት ከፍም ዝቅም የሚያደርግ ኮንቨርተር አስገባና ራውተሩን ከመሰካትህ በፊት ውጤቱን በቴስተር እያየህ 12 ላይ አቁመው። አሮጌዎቹ እያንዳንዳቸው 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢቀራቸው በጠቅላላው 22 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። 6 ዋት የሚወስድ ራውተር ሦስት ሰዓት አካባቢ ያቆይልሃል።

ስትሞላ ራውተሩን ከባትሪው ንቀል፤ እየሳበ ከሆነ ቻርጀሩ መሙላቱን አያውቅም። አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አትሙላ፤ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ ይሁን፣ አንተም ቤት እያለህ። በየሳምንቱ ሦስቱን ለየብቻ ለካ። ልዩነታቸው ከ0.1 ቮልት በላይ እየሰፋ ከሄደ አንዱ ደክሟል ማለት ነው።

እንደ እኔ ግን ቴስተር ይዞ መከታተል የሚሰለችህ ከሆነ ሊቲየሙን ተወው። ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባውን ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ ግዛ። ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል፤ ግን ሦስት ድንጋይ የማመጣጠን ጣጣ የለውም። ለእሱ የተሠራ 13.8 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር፣ ያንኑ ኮንቨርተርና ያንኑ ፊውዝ ትጠቀማለህ። ባዶውን አታስቀምጠው እንጂ ከአሮጌ የላፕቶፕ ድንጋይ ይልቅ እሱን ቤቴ ባስገባው እመርጣለሁ።