አንቴና «ያጎላል» ይባላል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የገመድ አልባ መሣሪያዎች ተከላና ጥገና አሠለጥናለሁ። የሥልጠና ጽሑፉን በአማርኛ ሳዘጋጅ ሦስት ቦታ ላይ ተያዝኩ። አንደኛ፣ «አንቴናው ሲግናል ያጎላል» ማለት ልክ ነው? «ጌይን» የሚለውንስ «ትርፍ» ልበለው ወይስ «ማጉላት»? ሁለተኛ፣ አንቴና ይፈተሻል፣ ይሞከራል፣ ይለካል ወይስ ይፈተናል? ሠልጣኞቼ አራቱንም እያቀያየሩ ይጽፋሉ። ሦስተኛ፣ ብዙ ቁጥሩ «አንቴናዎች» ነው ወይስ «አንቴናወች»?

መልስ፦ «አንቴናው ያጎላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰዋስው አይጎድለውም፤ የሚጎድለው እውነት ነው። «አጎላ» ማለት ትንሹን ትልቅ አደረገ ማለት ነው፤ የድምፅ ማጉያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ማጉያ ግን ኃይሉን ከሶኬት ወይም ከባትሪ ይወስዳል። ደሴ ጣሪያ ላይ የቆመው ተራ አንቴና ሶኬት የለውም። አንድ ዋት ቢያስገቡበት የሚወጣው አንድ ዋት አይሞላም፤ ጥቂቱ ብረቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ጥቂቱም ወደመጣበት ይመለሳል።

ታዲያ «17 ዴሲቤል ጌይን አለው» ሲባል ምን ማለት ነው? ዴሲቤል አንድን ኃይል ከሌላ ኃይል ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ ነው። ያ አንድ ዋት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢበተን ኖሮ ፊት ለፊት የቆመው ተቀባይ የሚደርሰው የተወሰነ መጠን ነበረ፤ አሁን የሚደርሰው የዚያ 50 እጥፍ ነው። ለእሱ የተጨመረው ግን ከኋላና ከጎን ካሉት ተቀንሶ ነው። የእጅ ባትሪ አምፖል ራቁቱን ሲበራ ክፍሉን ሁሉ በስሱ ያበራል፤ አንጸባራቂው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማዶ ያለውን ግድግዳ ብቻ ያደምቃል። አምፖሉ ያው ነው፣ የባትሪ ድንጋዩም ያው ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባለፍነው ነበር። ሥራ ላይ ግን ጥፋት ያመጣል። «ያጎላል» ብሎ የተማረ ሰው ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አንቴናው የተሻለ ይመስለዋል። ደሴን ቁልቁል በሚያየው በጦሳ ተራራ ወገብ ላይ 12 ዴሲቤል ጌይን ያለው ዙሪያ አንቴና (ወደ ዙሪያው ሁሉ እኩል የሚያሰራጭ) ይተክልና ከሥሩ ያለው ሰፈር ለምን እንደማይሰማ ግራ ይገባዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዙሪያ አንቴና ያንን ቁጥር የሚያገኘው ከላይና ከታች ቆጥቦ ነው፤ የስርጭቱ ስፋት ከላይ እስከ ታች 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሆናል። ሞገዱ በሰዎቹ ጣሪያ ላይ አልፎ ማዶ ያለውን ተራራ ይመታል። እዚያ ቦታ ቁጥሩ 6 የሆነው አንቴና ይሻል ነበር። ሳህኑም ቢሆን እንዲሁ ነው፦ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን በ5.8 ጊጋኸርዝ 28 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፣ የስርጭቱ ስፋት ግን 6 ዲግሪ ነው። ብሎኑ ላልቶ ነፋስ 3 ዲግሪ ካዞረው ፊት ለፊት የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ይወርዳል።

«ትርፍ»ም ከዚሁ ችግር አያመልጥም። ነጋዴ ሲያተርፍ እጁ ላይ ከነበረው በላይ ገንዘብ ይገባል፤ አንቴና ግን የገባበትን እንኳ ሙሉ በሙሉ አያወጣም። እኔ የምመርጠው «ብልጫ» ነው። ለጆሮ ስለሚጥም አይደለም፤ ሰዋስዉ ራሱ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ነው። «በለጠ» ያለ ተወዳዳሪ አይቆምም፤ «ይበልጣል» ያለ ሰው «ከማን?» መባሉ አይቀርም። ሊጠየቅ የሚገባውም ይኸው ነው። ዲቢአይ ሲባል ብልጫው ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይረጫል ተብሎ በሐሳብ ከተቀመጠ አንቴና ነው፤ ዲቢዲ ሲባል ደግሞ የሞገዱን ግማሽ ርዝመት ከያዘው ዳይፖል (ሁለት ክንድ ካለው ቀላል አንቴና) ነው። በሁለቱ መካከል የ2.15 ዴሲቤል ልዩነት አለ። አንዱ ሻጭ 12 ዲቢዲ፣ ሌላው 14.15 ዲቢአይ ብለው ቢጽፉ የሚሸጡት እኩል አንቴና ነው። «ዲቢ» ብቻ የተጻፈበት ካርቶን ሲያዩ «ከምን?» ብለው ይጠይቁ።

ስለዚህ ጽሑፍዎ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቅሱት «ብልጫ (ጌይን)» ብለው ይጻፉ። በአፍ «ጌይን» መባሉን ማንም አይከለክልም፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «ብልጫው ስንት ነው?» ብሎ የሚጮህ ባለሙያ ገና አልተወለደም። «ማጉያ»ን ግን ኃይል ለሚወስደው ክፍል ብቻ ይተዉለት። የቤት ዲሽ ላይ ከሳህኑ ፊት የምትገጠመው ትንሿ ተቀባይ፣ ኤል ኤን ቢ፣ እውነትም ታጎላለች፤ ኤሌክትሪክ በዚያው ኬብል ከሪሲቨሩ ይሄድላታል። ሳህኑ ይሰበስባል፣ ኤል ኤን ቢዋ ታጎላለች፤ ሁለት ግሥ፣ ሁለት ሥራ። ደሴ ላይ ዲሹን በምሥራቅ ኬንትሮስ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት የሚያዞር ሰው ሳህኑን ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ቀኝ 122 ዲግሪ፣ ከአድማስ ወደ 66 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያቆመዋል። ሳህኑ በዚህ መሥመር ካልሰበሰበ ኤል ኤን ቢዋ የምታጎላው ሹክሹክታ ብቻ ይሆናል።

ወደ አራቱ ግሦች እንምጣ። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ ሠልጣኞቹ ሀብቱን እያባከኑት ነው። መፈተሽ በዓይንና በእጅ ነው፤ በር ላይ የሚፈትሽ ሰው ኪስ ይዳስሳል እንጂ ቁጥር አያነብም። አንቴና ሲፈተሽ ኮኔክተሩ (የኬብሉ ማገናኛ) ጠብቋል ወይ፣ ዝገት አለ ወይ፣ ውሃ ገብቷል ወይ ይባላል። መለካት በመሣሪያ ነው፤ ውጤቱ ቁጥር ነው። መሞከር «ይሠራ እንደሆነ» ነው፤ ስልክ መደወል ወይም ፋይል ማውረድ። መፈተን ደግሞ የማለፊያ ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ማለፊያ የሌለው ፈተና የለም። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው። ኮኔክተሩ ሳይፈተሽ የተለካ ቁጥር የኮኔክተሩን ጥፋት በአንቴናው ላይ ያሳብባል።

ሪፖርት ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «አንቴናው ተፈትሿል፤ ይሠራል።» በሁለት ግሥ ምንም አልተባለም። ይሠራል የተባለው ስልኩ ስለደወለ ከሆነ ተሞክሯል እንጂ አልተለካም፤ ግማሽ ኃይሉን የሚያባክን አንቴናም ያስደውላል። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ኮኔክተሩ ተፈትሾ ጠብቋል፤ ከ1710 እስከ 1880 ሜጋኸርዝ ሲለካ ተመላሹ በሁሉም ቦታ ቢያንስ በ14 ዴሲቤል አንሶ ተገኝቷል፤ ማለፊያው 14 ስለሆነ ፈተናውን አልፏል።»

«ተመላሹ አንሶ» ያልኩት አውቄ ነው። «ሪተርን ሎስ» የሚባለውን መለኪያ አንዳንዱ ቃል በቃል «የመመለስ ኪሳራ» ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪ «ኪሳራው 20 ደረሰ» ሲባል ይደነግጣል፤ ሊደሰት ነበር የሚገባው! ቁጥሩ የሚነግረን አንቴናው ሳይቀበለው ወደ ላኪው የመለሰው ኃይል ከተላከለት በምን ያህል እንዳነሰ ነው። 10 ከሆነ ከመቶ 10 እጅ ተመልሷል፣ 14 ከሆነ 4 እጅ ገደማ፣ 20 ከሆነ 1 እጅ። ስለዚህ «የተመላሽ ቅናሽ» ይሁን። ቅናሽ ሲበዛ የሚከፋው የለም።

ይህንን የሚለካው መሣሪያ «ኔትወርክ አናላይዘር» መባሉም ጣጣ አለው። በእኛ አፍ «ኔትወርክ የለም» ማለት ስልኩ አልያዘም ማለት ስለሆነ፣ ጀማሪው መሣሪያው የስልክ ኔትወርክ ጥራት የሚለካ ይመስለዋል። እዚህ ላይ «ኔትወርክ» የተባለው የኤሌክትሪክ ዑደት ነው። «ቪኤንኤ» (ቬክተር ኔትወርክ አናላይዘር በአጭሩ) ብሎ መጥራት ከውዥንብሩ ያድናል። የሚለካው ሰው ከመነሳቱ በፊት መሣሪያውን በሦስት ነገር ያስተካክላል፦ በክፍት ጫፍ፣ በሾርት (እርስ በርሱ በተገናኘ ጫፍ) እና በ50 ኦም ጭነት። ማስተካከያው ደግሞ መሣሪያው አፍ ላይ ሳይሆን ከአንቴናው ጋር የሚገናኘው የኬብሉ ጫፍ ላይ ይደረጋል። ለምን ቢባል፣ 3 ዴሲቤል የሚበላ ኬብል ሄዶ ሲመለስ 6 ይበላል። ተመላሹ በ6 ብቻ ያነሰበት፣ ማለትም ሩብ ኃይሉን የሚመልስ መጥፎ አንቴና፣ በኬብሉ በኩል ሲለካ 12 ሆኖ ይነበባል። ውሃ የጠጣ ኬብልም እንዲሁ ያታልላል፤ ኃይሉን ስለሚበላው ቁጥሩን ያሳምረዋል። ክረምት ካለፈ በኋላ የድሮው ቁጥር «ከተሻሻለ» ደስ አይበልዎ፤ ኮኔክተሩን ፈትተው ይዩ። መከላከያው ቀላል ነው። እርስ በርሱ የሚጣበቀው የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠመጠማል፤ እያንዳንዱ ዙር የታችኛውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይደርባል፤ በላዩ ላይ ተራው ፕላስቲክ ቴፕ ይሄዳል። ከኮኔክተሩ በፊትም ኬብሉ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንዲመለስ ይደረጋል፤ ጠብታው እዚያው ይወርዳል።

ስርጭቱን ሙሉ በሙሉ ለመለካት ግን ጣሪያ አይበቃም፤ ከግድግዳና ከመሬት የሚመለሰው ሞገድ ልኬቱን ያበላሻል። ለዚህ የሚሠራው ክፍል በካርቦን በተነከረ ስፖንጅ የተሸፈነ ነው፤ ስፖንጁ የሾሉ ፒራሚዶች ሆኖ ከግድግዳው ይወጣል፤ የደረሰበትን ሞገድ ይውጣል። የዚህን ክፍል ስም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ ላይ ከአዝዋ ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ልጅ ሁሉ የሚመልስለትን ያውቃል፤ የገደል ማሚቶ ነው። ክፍሉ «ማሚቶ አልባ ክፍል» ነው፤ ማሚቶ የድምፅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሬዲዮ ሞገድም ይሁን። ክፍል ከሌለ ሜዳ ላይ ይለካል፤ ርቀቱም በዘፈቀደ አይደለም። የአንቴናው ስፋት በራሱ ተባዝቶ፣ እጥፍ ሆኖ፣ ለሞገዱ ርዝመት ይካፈላል። 60 ሳንቲ ሜትሩ ሳህን በ5.8 ጊጋኸርዝ 14 ሜትር ይፈልጋል፤ ታወር ላይ የሚሰቀለው የ2 ሜትር አንቴና በ1800 ሜጋኸርዝ 48 ሜትር። ከዚያ ቀርቦ የለካ ሰው ብልጫውን አሳንሶ ያነባል።

የቅርቡ ዘመን አንቴና ደግሞ የግሦቹን ባለቤት አዛውሮታል። ድሮ «አንቴናው ዘነበለ» ሲባል ብሎኑ ተፈትቶ አካሉ ጎንበስ ብሏል ማለት ነበር። አሁን አካሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ የውስጥ ክፍሎቹ ሞገዱን ትንሽ እያዘገዩ ስለሚለቁት የሚዘነበለው ጨረሩ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል በሚወርድ አገር ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። «አንቴናውን አዘንብል» የሚል የሥራ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ቁልፍ ይዞ ታወር ይወጣል፤ የተፈለገው ግን ከቢሮ ሆኖ ጨረሩን ማዘንበል ሊሆን ይችላል። «አካሉን» ወይም «ጨረሩን» የምትል አንዲት ቃል ትጨመር። በአንዳንድ የአምስተኛው ትውልድ (5ጂ) አንቴናዎች ላይ ነገሩ ይብሳል፦ 64 ላኪዎች ከአንቴናው ጋር በአንድ ሣጥን ታሽገዋል፤ በመካከላቸው ቪኤንኤ የሚሰካበት ኮኔክተር የለም። ስለዚህ ላኪውና አንቴናው ተለያይተው አይለኩም፤ ማሚቶ አልባ ክፍል ውስጥ የወጣው ሞገድ በአየር ላይ ይለካል። «አንቴናው ተለካ» ከማለት «ስርጭቱ ተለካ» ማለት የሚሻለው ለዚህ ነው።

«ጨረር» የሚለውን ቃል የሚፈሩት ሰዎች አሉ፤ ከራጅና ከካንሰር ሕክምና ጋር ስለሚያያዝ። የሬዲዮ ሞገድ ግን እንደ ራጅ ከአተም ኤሌክትሮን የሚነቅል ጉልበት የለውም። ቢሆንም ጎረቤት ለሚያነበው ጽሑፍ «ስርጭት» ይሻላል፤ ለሠልጣኝ «ጨረር» ይቅር ማለት ግን አያስፈልግም። «ፖላራይዜሽን»ንም (ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) «ዋልታ» አይበሉት፤ ከባትሪና ከማግኔት ዋልታ ጋር ይጋጫል። ባለሙያው «ቁም» እና «አግድም» ይላል፤ ታወር ላይ ላሉት 45 ዲግሪ ለዘመሙት ደግሞ «ሰያፍ» አለልን። አንዱ ወገን ቁም ሌላው አግድም ከሆነ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይጠፋል፤ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቀረ ማለት ነው። አንዳንዱ «አንቴናው ተበላሽቷል» የሚባል ስሞታ ሲታይ አንዱን ሳህን 90 ዲግሪ በማዞር ይፈታል።

ሦስተኛው ጥያቄዎ አጭር ነው። «አንቴናዎች» ነው። «ወች» ከአነጋገር የመጣ አጻጻፍ ነው፤ በጽሑፍ የጸናው «ዎች» ነው። መኪናዎችም መኪኖችም እንደምንለው «አንቴኖች» ቢሉም ልክ ነዎት።