ደላላው የሞላው ውሸት ማንን ያስጠይቃል?

በዚህ እትም በቀጣሪ በኩል ስለሚገኝ የካናዳ የሥራ ቪዛ የደረሱንን ጥያቄዎች መልሰናል።

ጥያቄ፦ በሆቴል ወጥ ቤት የሠራሁት 14 ወር ነው። ከካናዳው ቀጣሪ ጋር ያገናኘኝ ደላላ ማመልከቻው ላይ 3 ዓመት ብሎ መሙላቱን አሁን ነገረኝ። «ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ አትጨነቅ» ይላል። አሻራ ሰጥቻለሁ፣ መልስ ግን አልመጣም። ዝም ልበል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዝም አይበሉ። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 40 ለውሳኔው ክብደት ያለውን ጉዳይ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ያዛባ ወይም የደበቀ ሰውን ለ5 ዓመት ያግዳል። በነዚያ ዓመታት ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከትም አይቻልም። «በተዘዋዋሪ» የምትለዋ ቃል የምትመለከተው እርስዎን ነው፤ ደላላው በስምዎ የጻፈው ሁሉ እንደ እርስዎ ቃል ይቆጠራል። «አላነበብኩትም» ብዙም አያድንም። አለማወቅ ተቀባይነት የሚያገኘው በቅንነት ላላወቀና ሊያውቅ ለማይችል ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አሁን አውቀዋል።

መጀመሪያ የገባውን ማመልከቻ ሙሉ ቅጂ ይረከቡ፤ ፎርሞቹ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውና ውሉ ሳይቀሩ። ብዙ ደላሎች የኦንላይን አካውንቱን የሚከፍቱት በራሳቸው ኢሜይል ነው፤ ትልቁ አደጋም እዚህ ላይ ነው። የቪዛ ኦፊሰሩ ሲጠራጠር ከመወሰኑ በፊት ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይልካል። የመልሱ ጊዜ ደብዳቤው ላይ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜም ከ7 እስከ 30 ቀን ነው። ደብዳቤው የደላላው ኢሜይል ውስጥ ተኝቶ ቀኑ ካለፈ እርስዎ የሚሰሙት ውሳኔውን ብቻ ነው። ስለዚህ የማመልከቻ ቁጥሩን፣ የደንበኛ መለያ ቁጥርዎንና የአካውንቱን የይለፍ ቃል ሳይቀበሉ ከደላላው ቢሮ አይውጡ።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ። ምን ተብሎ እንደተሞላ፣ እውነቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ስህተቱ እንዴት እንደገባና መቼ እንዳወቁ ብቻ ይግለጹ፤ ልመናና ምሬት አያስፈልገውም። ከሆቴሉ ትክክለኛ የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ ሲገባልዎ የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንትና የጡረታ መዋጮ ማስረጃ ያያይዙ። በካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ የመልእክት ቅጽ ይላኩትና መድረሱን የሚያረጋግጠውን መልስ ያስቀምጡ።

የጡረታውን ማስረጃ ያነሳነው በምክንያት ነው። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ማሠራት ቀላል ነው፤ በየወሩ ከደመወዝ የተቆረጠውን 7 በመቶና ቀጣሪው የጨመረውን 11 በመቶ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ መፍጠር አይቻልም። ኦፊሰሩ ሆቴሉ ጋ ደውሎ ሊጠይቅ፣ ከዚህ በፊት ለጉብኝት ቪዛ ሞልተው ከሆነም ያኔ የጻፉትን ከአሁኑ ጋር ሊያስተያይ ይችላል።

ሥራው የግድ 3 ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ከሆነ እርማቱ ይህን ቪዛ ሊያሳጣዎት ይችላል፤ ይህን አንደብቅዎትም። ሳይጠየቁ መናገር ከእገዳ ለመዳን ዋስትና ባይሆንም፣ ተይዞ ከማመን ጋር እኩል አይታይም። ተራ ክልከላ የደረሰበት ሰው ልምዱን ሲያሟላ እንደገና ማመልከት ይችላል። በማጭበርበር የታገደ ግን ቀጣሪ በእጁ እያለም 5 ዓመት ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ የዛሬ 6 ዓመት የአሜሪካ ቪዛ ተከልክያለሁ፤ ዲቪም ሞልቼ አልደረሰኝም። ካናዳ ይህን ምን አገባት? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ፎርሙ የሚጠይቀው ካናዳ ወይም ሌላ ማንኛውም አገር ቪዛ ከልክሎዎት እንደሆነ ነው። የአሜሪካው «አዎ» የሚባል ነው፤ ዓመቱን፣ ኤምባሲውንና የተሰጠዎትን ምክንያት ይጻፉ። ዲቪ ሞልቶ አለመመረጥ ግን የቪዛ ክልከላ አይደለም። ተመርጠው ኢንተርቪው ላይ ቢወድቁ ኖሮ ክልከላ ይሆን ነበር። ካናዳና አሜሪካ የቪዛ አመልካቾችን መረጃ በአሻራ ይለዋወጣሉ፤ «አይ» ያለ ሰው በቀላሉ ይገኛል። ያሳዝናል፤ ክልከላው ብቻውን የማያስቀረውን ሰው መደበቁ ያሳግደዋል።

ጥያቄ፦ ልደቴም የሥራ ዘመኔም ፎርሙ ላይ በአንድ ዓመት ተዛባ። እንደ ውሸት ይቆጠርብኛል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ካላረሙት ሊቆጠር ይችላል። የመዛባቱ ምክንያት የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲቀይሩ ሁሉም ቀን ላይ 8 መደመር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1982 ዓ.ም. ኦክቶበር 15፣ 1989 ሲሆን፣ ሰኔ 5 ቀን 1982 ዓ.ም. ግን ጁን 12፣ 1990 ነው። ከመስከረም 2008 እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም. የሠራ ሰው ሁለቱም ላይ 8 ቢደምር ከሴፕቴምበር 2016 ይጀምርና የሠራው አንድ ዓመት ይጠፋበታል። የልምድ ደብዳቤዎን በሁለቱም አቆጣጠር ያጽፉ። ልደት ላይ ፓስፖርቱን ይከተሉ፤ ፓስፖርቱ ራሱ ከተሳሳተ መጀመሪያ እሱን ያሳርሙ።

ጥያቄ፦ ለኤል.ኤም.አይ.ኤ. ክፈይ ተብያለሁ። ልክ ነው? (አንባቢ፣ ከቤይሩት)

መልስ፦ አይደለም። ቀጣሪው የውጭ ሰው ለመቅጠር የሚያስፈልገው የዚህ ፈቃድ ክፍያ ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ የሚከፍለውም ራሱ ቀጣሪው ነው። ከሠራተኛው መልሶ መውሰድ ክልክል ነው። እርስዎ የሚከፍሉት ለሥራ ፈቃድ 155፣ ለአሻራ 85 የካናዳ ዶላር ነው። ከፍለው ሳለ «ምንም አልከፈልኩም» ብለው እንዲፈርሙ ከተጠየቁ አይፈርሙ፤ ያም የሐሰት መረጃ ነው፣ ስሙም የእርስዎ ነው።