እግሩ መሬት ይነካል? የትምህርት ቤት ኦኩፔሽናል ቴራፒ ጥያቄና መልስ

የትምህርት ቤት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሥራ አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ የትምህርት ቀኑን እንደ ጓደኞቹ እንዲውል ማስቻል ነው፦ መጻፍ፣ መቀመጥ፣ መብላት፣ ሹራብ ማውለቅ፣ መጸዳዳት፣ የክፍሉን ጫጫታ መቻል። በዚህ ዙር የደረሱን አብዛኞቹ ጥያቄዎች ስለ ልጁ እጅ ናቸው። መልሳችን ግን ብዙ ጊዜ ከዴስኩ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ እርሳሱን አጥብቆ ይጨብጣል፣ ደብተሩ እስኪቀደድ ይጫናል፤ ግማሽ ገጽ ሳይሞላ «እጄን አመመኝ» ይላል። ጣቶቹን የሚያጠነክር ምን ልምምድ ልስጠው? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ልምምዱን ለጊዜው ይተዉትና ጎንበስ ብለው እግሩን ይመልከቱ። ሦስት ልጅ በሚቀመጥበት ዴስክ ላይ የትንሹ ልጅ እግር ብዙ ጊዜ ተንጠልጥሎ ይውላል። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ እንዳይንሸራተት በግራ እጁ ዴስኩን ይይዛል፤ ደብተሩን የሚይዝለት ስለሌለ እየሸሸ ያስቸግረዋል፣ እሱም በእርሳሱ ወደ ታች ይጫነዋል። ጣቱ ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ትክክለኛው አቀማመጥ ይህ ነው፦ ጀርባው ወደ ኋላ ተጠግቶ ሁለቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ ያርፋሉ፤ ጉልበትና ዳሌ ወደ ቀጥ ማዕዘን የተጠጋ መታጠፍ ይኖራቸዋል፤ የዴስኩ ገጽ ክንዱን ዘና አድርጎ ክርኑን ሲያጥፍ ከክርኑ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ዴስኩን መቀየር ካልተቻለ ከጫማው ሥር እስከ ወለሉ ያለውን ክፍተት ለክተው በዚያ ከፍታ የጣውላ ሳጥን ያሠሩ። ሳጥኑ ከዴስኩ የታችኛው አግዳሚ ጋር በሚስማር መመታት አለበት። ዝም ብሎ ከተቀመጠ በሁለተኛው ቀን ኳስ ሆኖ ክፍሉን ሲዞር ያገኙታል።

ቀጥሎ ደብተሩን ያዘንብሉት። 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ከልጁ ራቅ ባለው ጫፉ 14 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ሲል ወደ 20 ዲግሪ ይሰጣል፤ ይህ የእጅ አንጓውን ወደ ላይ ስለሚመልሰው ጣቶቹ ነፃ ይሆናሉ። በታችኛው ጠርዝ ላይ ቀጭን እንጨት ካልመቱበት ደብተሩ ይንሸራተታል።

አያያዙን በተመለከተ፣ እርሳስ በሦስት ጣትም በአራት ጣትም፣ አውራ ጣት ተሻግሮም ቢያዝ ጽሑፉ ከተነበበና እጁ ካልታመመ አይንኩት። የእርስዎ ተማሪ ስለሚያመው ግን ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር የቀረ አጭር እርሳስ ይስጡት፤ ለጭብጥ ቦታ ስለማይኖረው አውራ ጣቱና ሁለቱ ጣቶች ራሳቸው ወደ ቦታቸው ይመጣሉ። ሁለተኛ፣ ሙሉ እርሳስ ሲይዝ ከጫፉ 2 ሳንቲሜትር ያህል አልፎ በቀጭኑ የተቆረጠ ካላማዳሪያ ይጠምጥሙበት። አታወፍሩት፤ ለትንሽ እጅ ወፍራም እርሳስ ራሱ ድካም ነው። ለመጫኑ ደግሞ ከወረቀቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ያድርጉ። ሲጫን ወረቀቱ ይበሳል፣ እጁም መለኪያውን ከዚያ ይማራል።

ስፖንጅ መጭመቅና ጭቃ መጠፍጠፍ ለጨዋታ ጥሩ ናቸው፤ ጽሕፈትን የሚያሻሽለው ግን መጻፍ ነው። በቀን 10 ደቂቃ፣ በድምሩ ቢያንስ 20 ጊዜ ያህል ሳይለማመድ ውጤት አይጠብቁ። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ያስጽፉና ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ፣ በኋላ የሚያወዳድሩት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ግራኝ ነው። አያቱ በቀኝ እንዲጽፍ ይመክሩታል። ምን ላድርግ? (ደሴ)

መልስ፦ በግራው ይጻፍ። አያቱ ከክፋት አይደለም የሚሉት፣ ግን እጅ ማስለወጥ ፍጥነቱንም መውደዱንም ይቀንስበታል። ወረቀቱን ወደ ቀኝ በኩል 30 ዲግሪ ያህል ያዙሩለት፣ እርሳሱን ከጫፉ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ የጻፈውን የሚያየውና በእጁ የማያበላሸው ያኔ ነው። መምህሯን ደግሞ በዴስኩ ግራ ጫፍ እንድታስቀምጠው ይለምኗት፣ አለበለዚያ ከቀኛሙ ጎረቤቱ ጋር ክርን ለክርን ሲጋጩ ይውላሉ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ፊደሎቹን ስትሰማ ታውቃቸዋለች፣ ስትጽፍ ግን ባን ቦ፣ ቡን ቢ ታደርጋለች። ሀሁ አሥር ጊዜ ብናስደግማትም ያው ናት። (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ማስደገም የሚያጠናው ጆሮን ነው፤ የልጅዎ ችግር ቦታና አቅጣጫ ላይ ነው። በነዚህ ፊደሎች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ስላሉ ለየብቻቸው ይያዙ። ቡና ቢ ላይ ቅጥያው ያው በቀኝ ነው፤ ልዩነቱ ወገብ ላይ ወይስ እግር ላይ የሚለው ነው። ባና ቦ ላይ ደግሞ የሚረዝመው እግር የቀኙ ወይስ የግራው የሚለው ነው፤ ማለትም አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ነው። ሳና ሶ፣ ካና ኮም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ባና ቦን በአንድ ሳምንት አያስተምሩ። ባ፣ ሳ፣ ካ በደንብ ከጠኑ በኋላ ብቻ ወደ ቦ፣ ሶ፣ ኮ ይለፉ።

በደብተሯ ግራ ጠርዝ ላይ በአረንጓዴ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፣ መጀመሪያው ሁልጊዜ ከዚያ ነው። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደሉን አንድ ስንዝር አድርገው በጠመኔ ይጻፉላት፤ እሷ በጣት በሚያዝ እርጥብ ስፖንጅ መስመሩን ተከትላ ታጥፋለች፣ በደረቅ ጨርቅ ትደግማለች፣ ከዚያ በስባሪ ጠመኔ ራሷ ትጽፋለች። በቀን ሦስት ፊደል በቂ ነው። አዳዲስ ፊደሎችን ሲመርጡም በገበታው ተራ መሄድ ግዴታ አይደለም፦ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ የሚለያዩት ከላይ በሚጨመረው ምልክት ነው። አንዱን የቻለች ልጅ ሁለተኛውን በግማሽ ድካም ታገኘዋለች።

አንድ ፈተና ያድርጉ፦ ከሰሌዳ ስትገለብጥ ብቻ ከተሳሳተችና አጠገቧ ካለ ወረቀት ስትገለብጥ ደህና ከሆነች፣ ከሁሉም በፊት ዓይኗን ያስመርምሩ። በሰባት ዓመት ፊደል አዙሮ መጻፍ ብዙ ልጅ ላይ አለ። ስምንት አልፏት ከቀጠለና ማንበብም ከከበዳት ግን የተሟላ ምርመራ ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦቲዝም አለበት። የሆስፒታሉ ቴራፒስት በሳምንት አንድ ጊዜ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ያስፈልገዋል ብላ ጻፈች፤ ትምህርት ቤቱ ግን «አይገባውም» አለኝ። ደብዳቤው ዋጋ የለውም ማለት ነው? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ዋጋ አለው፣ ግን ትእዛዝ አይደለም። ሆስፒታሉ የሚጠይቀው ልጁ ምን ይጎድለዋል ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ከትምህርቱ እንዲጠቀም ይህ አገልግሎት ያስፈልገዋል ወይ ብሎ ነው። አይ.ዲ.ኢ.ኤ. በተባለው፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን ተማሪዎች ትምህርት በሚመለከተው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ከልዩ ትምህርት ጋር አብሮ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ ልጁ በመጀመሪያ አይ.ኢ.ፒ. (ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ሊኖረው ይገባል። ለአይ.ኢ.ፒ. ካልበቃ በሴክሽን 504 (በአካል ጉዳት ምክንያት መድልዎ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ክፍል) በኩል መጠየቅ ይቻላል።

የቃል «አይ» አይቀበሉ። ምርመራ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቀን ያስገቡበት፣ ቅጂ ያስቀሩ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከተስማማ ደግሞ ፈቃድዎን በፊርማ ከሰጡ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ወይም ስቴቱ በወሰነው ጊዜ ያልቃል። በውጤቱ ካልተስማሙ በትምህርት ቤቱ ወጪ፣ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ባለ ባለሙያ የሚደረግ ገለልተኛ ምርመራ መጠየቅ ይችላሉ፤ ትምህርት ቤቱ ይከፍላል፣ ወይም ምርመራዬ ትክክል ነው ብሎ በችሎት ፊት ይከራከራል።

በደብዳቤዎ «የስሜት ሕዋሳት ችግር አለበት» ብቻ ብለው አይተዉት። «ካፍቴሪያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ይወጣል፣ ምሳውን ሳይበላ ይቀራል፤ ጃኬቱን መዝጋት ስለማይችል ከእረፍት ሁልጊዜ ይዘገያል» የሚለው ነው አይ.ኢ.ፒ. የሚወስነውን ኮሚቴ የሚያንቀሳቅሰው። የደብተሩን ገጾች ይዘው ይሂዱ። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ ትልቋን ልጅዎን አያስተርጉሙ። ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ተጽፎ ይዩ፦ በሳምንት ወይም በወር ስንት ደቂቃ፣ የት (ክፍል ውስጥ ወይስ ተለይቶ)፣ ቴራፒስቷ ከልጁ ጋር ትሠራለች ወይስ መምህሩን ብቻ ታማክራለች። «ማማከር» መጥፎ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የሚውለው መምህሩ ነውና አንዳንዴ ከ30 ደቂቃ ሥልጠና ይበልጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚከታተል ካልተጻፈ ግን በሁለት ወር ውስጥ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ለማይረጋ ልጅ ክብደት ያለው ሰደርያ ልግዛ? (ስቶክሆልም)

መልስ፦ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። በክፍል ውስጥ ትኩረት እንደሚጨምር የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው። በየ20 ደቂቃው መጽሐፍ ማከፋፈል፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ወንበር መግፋት ያለ ሥራ ይሰጠው። የሚረብሽበት ሰዓት መቼ እንደሆነ ለአንድ ሳምንት ይመዝገብ፤ ብዙ ጊዜ ከረጅም ገለጻ ወይም ከምሳ በፊት ሆኖ ይገኛል፣ እረፍቱም ከዚያ ቀደም ብሎ ይገባል።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ነርስ ነበርኩ፤ አሁን በትምህርት ቤት የልዩ ትምህርት ረዳት ነኝ። ወደዚህ ሙያ እንዴት ልግባ? (ሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ሁለት በር አለ። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ለመሆን አሶሺየት ዲግሪና ቢያንስ 16 ሳምንት የመስክ ልምምድ ያስፈልጋል፤ ሥራው በቴራፒስት ክትትል ሥር ነው፣ ምርመራውን የሚመራው ቴራፒስቱ ነው። ለቴራፒስትነት ማስተርስ ወይም ዶክትሬትና ቢያንስ 24 ሳምንት ልምምድ ይጠበቃል። በሁለቱም የኤን.ቢ.ሲ.ኦ.ቲ. (የሙያው ብሔራዊ ማረጋገጫ ቦርድ) ፈተናና የስቴት ፈቃድ ይከተላል። ከመመዝገብዎ በፊት ፕሮግራሙ የሙያውን ትምህርት በሚመዝነው አካል በአኮት የታወቀ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ካልሆነ ለፈተናው አይቀርቡም። የነርስነት ዲግሪዎ ተመዝኖ ሊያዝልዎ ይችላል፤ የአናቶሚ ኮርስዎ ግን «አሮጌ ነው» ተብሎ እንደገና ሊያስወስድዎ ይችላልና አስቀድመው ይጠይቁ። ሥራ ይዤ እማራለሁ የሚለው ዕቅድ የሚሰበረው በመስክ ልምምዱ ነው፦ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ቀን ነው፣ አይከፈልበትምም። የእነዚያን ወራት ቤት ኪራይ አሁኑኑ ማጠራቀም ይጀምሩ።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሙያው ተመርቀው ለጠየቁን፦ እናንተ ከፈተናው በፊት ለውጭ አገር ምሩቃን የተዘጋጀውን የብቁነት ምርመራ ማለፍ ይጠበቅባችኋል። የኮርስ ዝርዝራችሁንና የልምምድ ሰዓታችሁን ከዩኒቨርሲቲው አጽፋችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን መጸዳጃ ቤቱን መጠቀም ስለማትችል ቀኑን ሙሉ ውሃ አትጠጣም። በጀታችን ትንሽ ነው። (ርእሰ መምህር፣ ወልድያ)

መልስ፦ ከጽሕፈቷም ከንባቧም በፊት ይህን ይሥሩ። መቀመጫው ቀዳዳ የተበሳ የፕላስቲክ ወንበር እንዳትገዙ፤ እርጥብ ወለል ላይ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ የተበሳው መቀመጫም ይሰነጠቃል። በያጅ በቱቦላሬ መቀመጫ ይሥራላችሁ። ከፍታው ከልጅቷ የጉልበት መታጠፊያ እስከ ወለል ያለው ልክ ነው፣ እግሯ መሬት ካልረገጠ ሚዛኗን አትጠብቅም። ከፊት ለፊት ክፍት ይሁን፣ እግሮቹም ወለሉ ላይ በቡሎን ይታሰሩ። በሁለቱም በኩል ከመቀመጫው ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ከውሃ ቧንቧ የተሠራ የእጅ መያዣ ይተከል።

በሩ ቢያንስ 80 ሳንቲሜትር ይከፈት፣ የሚከፈተውም ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነና ልጅቷ በሩ ሥር ከወደቀች ገብቶ የሚያነሳት የለም። ደረጃውን በመወጣጫ ስትተኩ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ይያዙ፦ ለ30 ሳንቲሜትር ደፍ 3 ሜትር ከ60 ማለት ነው። ባለሙያው «ሁለት ሜትር ይበቃል» ካለ አይስሙት፣ በክራንችም በዊልቸርም አትወጣውም። የውሃ ጆጉ በሚታዘዝላት እጅ በኩል ይቀመጥ። የምትረዳት አንዲት ሴት ሠራተኛ ትመደብ፣ ጓደኞቿ አይደሉም፤ ሰዓቱም ከሻይ እረፍቱ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይሁን፣ ሰልፍ ሳይኖር። መያዣው ከተተከለ በኋላ ሲሚንቶው እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ይጠብቁና አንድ ትልቅ ሰው ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይሞክረው። ከተነቃነቀ ነቅለው እንደገና ይትከሉት።