መሣሪያው ሳይሰካ

ባለፈው ቅዳሜ ከልምምድ ቤታችሁ ስወጣ ድራመራችሁ እስከ በሩ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ እናንተ 17 ዓመት እንዴት አብራችሁ ቆያችሁ? እኛ ገና በሁለት ዓመታችን ልንባላ ነው» አለኝ። ቀልጄ አለፍኩት። «ሌላ ባንድ ስላልፈለገን ነዋ!» አልኩት። ሳቀ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ግን ቀልዴ አልጣመኝም። መልሱ ውስጥ የሸሸሁት ነገር ነበር። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለአምስታችሁ ነው። ሌሎችም ጋራዥ ውስጥ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን በተለጠፈ ክፍል ውስጥ የምትለማመዱ ልጆች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሦስት ሰዓት ተለማመዳችሁ። ጎበዞች ናችሁ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቻችሁ በእሱ ዕድሜ ከነበርኩት ከእኔ ይበልጣል፤ ይህን ማለት ለአንድ ሽማግሌ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከዚያ እረፍት ሆነ። ሁላችሁም ስልካችሁን አወጣችሁ። በ15 ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ተናገረ፤ እሱም «ቻርጀር ያለው አለ?» ብሎ ነው። እረፍቱ ሲያልቅ ሌላ ሰው የሠራውን ዘፈን እንደገና ከመጀመሪያው አነሣችሁ። በመጨረሻ ደግሞ «የራሳችን ሥራ አልመጣ አለን» አላችሁኝ።

ከየት ይምጣ?

እኛ ጋ ከየት ይመጣ እንደነበር ላጫውታችሁ። እኔ ባንድ የገባሁት በ1976 ዓ.ም.፣ በ19 ዓመቴ ነው። ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር። የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ መውጫ የለውም። በሩ ይዘጋል። እንግዳው፣ አስተናጋጁ፣ ባንዱ፣ ሁሉም እስኪነጋ እዚያው ነው። ስለዚህ እስከ ንጋት እንጫወት ነበር። ሰው ግን ሰው ነውና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ግማሹ እንግዳ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይተኛል። የቤቱ ኃላፊ በእጁ ምልክት ይሰጠናል። አምፕሊፋየሩን እናጠፋለን።

ከዚያ መድረኩ ጠርዝ ላይ እንቀመጣለን። ከወጥ ቤት ሻይና ከማታ የተረፈ ቀዝቃዛ ጥብስ ይመጣል። ኪቦርዲስታችን አከራዩን ያማል፤ በየሌሊቱ አዲስ ሐሜት ነበረው። ድራመሩ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሻል። እኔ ያልተሰካ ቤዜን ታቅፌ እሰማለሁ። ቤዝ ጊታር ሳይሰካ ለሌላ ሰው አይሰማም። አገጬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ ክሩን ስነካው ግን ድምፁ በአጥንቴ በኩል ይገባል። ሞክሩት፤ ጥርስ ድረስ ይሰማል።

አንድ ሌሊት ሳክስፎን ተጫዋቻችን ስለ እናቱ ያወራ ነበር። ጥጥ ስትፈትል ስለምታንጎራጉራት ነገር። «እንዴት ነው የምትላት?» አልነው። በአፉ አሰማን። ቅኝቷ ባቲ ናት፤ ግን መጨረሻዋ ላይ እንደ መተንፈስ ያለች፣ ሌላ ቦታ ያልሰማኋት መመለሻ አለቻት። እኔ አገጬን ሳላነሣ ከሥሯ አራት ኖታ አስገባሁ። ኪቦርዲስቱ በጠፋው ኪቦርድ ላይ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ ጀመር። ድራመሩ በማንኪያ የሻይ ብርጭቆውን እየመታ የቺክቺካዋን ምት ያዘ። ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ሻይ ሲያንስና ሲበዛ ድምፁ ይለወጣል፤ ለዚያ ብሎ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። ሲነጋ ዘፈን ነበረን። ማንም «ዛሬ ዘፈን እንሥራ» አላለም።

ልምምድ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ልምምድ የመጣውን ያጠራል፣ ያልመጣውን ግን አያመጣም። እናንተ ያላችሁ ልምምድ ብቻ ነው። የጊታር ተጫዋቻችሁ እናት ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምታንጎራጉር ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ?

አሁን ወደ ሸሸሁት ነገር ልምጣ።

ያቺ ዘፈን ካሴት ላይ ገባች። የሙዚቃ ቤቱ ሰው የካሴቱን ሽፋን ሊያሳትም ነውና «ዜማው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስቱዲዮ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሳክስፎን ተጫዋቻችን ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። «የእኔ ነው በል» አልኩት። ሰርቄ አልነበረም፤ እንደዚያ አላሰብኩትም። አራቷን ኖታ አስቤ፣ ዘፈኗን ቁጭ አድርጎ ሙሉ ያደረጋት እኔ ነኝ ብዬ ነው። ለዜማው 300 ብር ተከፈለኝ። ብሩን ለሁላችንም እኩል አካፈልኩ። ስሙን ግን አልተካፈልንም።

ሲመለስ ሽፋኑን አየ። ምንም አላለም። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ዝም ሲል ያለቀ ይመስላል። ሁለት ዓመት አብረን ተጫወትን። ሥራው አልጎደለም፤ ሳቁ ግን ቀነሰ። አንድ ሌሊት ከሠርግ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ስለ ሌላ ነገር እየተከራከርን ሳለ «ያቺ ዘፈን የእናቴ ናት» አለ። መኪናው ጸጥ አለ። በሚቀጥለው ወር ከባንዱ ወጣ። ቆይቶ ከአገርም ወጣ።

ስለዚህ «17 ዓመት አብራችሁ ቆያችሁ» የሚባለው እውነት አይደለም። እሱ የነበረው ስድስቱን ዓመት ነው።

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው። ዘፈን የሚመጣው ማንም ሳይቆጥርና ሳይጽፍ፣ ወዳጅ ከወዳጁ ጋር ሲያወራ ነው። የማን እንደሆነ የማይታወቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሰው በአፉ ያሰማል፣ ሌላው ከሥሩ ይገባል፣ ሦስተኛው በማንኪያ ይመታል። በማግስቱ ሁሉም «እኔ ነኝ» ቢል አንዱም አልዋሸም። ለዚህ ነው ወሬውን ሳታቋርጡ፣ ከመለያየታችሁ በፊት ግን ስም ጻፉ የምላችሁ።

እኛ እሱ ከሄደ በኋላ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። ቀኑን፣ ማን ምን እንዳመጣ፣ ማን ምን እንደጨመረ እንጽፋለን። ሁሉም ይፈርማል። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ ሌሊት። መግቢያው የኪቦርድ። መሸጋገሪያው ድራመሩ ሲያስል የመጣ ነው።» እሱም ፈረመ። እናንተ ስልክ አላችሁ። ቅዱት፣ ቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ጣሉት፣ ከሥሩ ስም ጻፉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «በጓደኛሞች መካከል ምን መጻፍ ያስፈልጋል» የሚል ካለ ግን እሱን በደንብ እዩት፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁንም (ቁጥር 410/1996 ነው) አንድ ቀን ተቀምጣችሁ አንብቡት። በጋራ የተሠራ ሥራ ባለቤቶቹ በጋራ የሠሩት ሰዎች ናቸው ይላል። የእኛ አገር ልማድ ግን ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብሎ በሦስት ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱም ብዙውን ጊዜ አንድ ስም ነው የሚጻፈው። በማንኪያ የመጣችው ምት በየትኛው ትገባለች? ይህን ከመቅዳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

በሁለት ስም መጻፍ ብቻውንም አይበቃም። ቢትልስን ታውቃላችሁ። ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ ገና ወጣት ሳሉ ማንኛቸውም ይሥሩት፣ ዘፈኑ ላይ የሁለቱም ስም እንዲጻፍ ተስማሙ። ባንዱ በ1970 እ.ኤ.አ. ፈረሰ፣ ሌነን በ1980 ሞተ። ማካርትኒ በ2002 ባወጣው የኮንሰርት አልበም ላይ የድሮ ዘፈኖቻቸውን የራሱን ስም አስቀድሞ አሳተመ። የሌነን ባለቤት ዮኮ ኦኖ ተቃወመች። እዚያ ገንዘብ ሞልቷል፣ ዝናም ሞልቷል። ክርክሩ የማን ስም ይቅደም ነው።

ሽልማትን በተመለከተ አጭር ነው። ድምፃዊ ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር የድምፃዊው ብቻ ከሆነ ከኋላ ያለው ሰው የሚጫወተው እየቆጠረ ነው። እኛ ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ ከትተን ወር ላይ እንከፍል ነበር። የመጀመሪያ ድምፃዊያችን በዚህ ተናዶ ጥሎን ሄደ። ሁለተኛዋ ተስማማች፤ እስከ መጨረሻውም ቆየች።

አሁን ስለ መለያየት። «አብራችሁ አውሩ» ስላልኩ ቀንና ሌሊት ተጣበቁ ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያ ልጄ አፏን ስትፈታ ከእኔ ስም በፊት የድራመሩን ስም ጠራች። ሁሉም ሳቀ፤ ባለቤቴ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ቀን ማንም የማንንም በር እንዳያንኳኳ ተስማማን። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ማክሰኞ ስንገናኝ የምናወራው አዲስ ነገር ይኖረን ጀመር። ሁልጊዜ አብሮ የዋለ ሰው ምን ይተርካል? ሁሉንም አብራችሁ አይታችሁታል።

ለሙዚቀኛ ትልቁ እረፍት ደግሞ ጾም ነው። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ነው፣ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። በመካከል ዐቢይ ጾም አለ፣ 55 ቀን። ሠርግ የለም፣ የምሽት ቤቱም ይቀዘቅዛል። ወጣት ሳለን ያንን ጊዜ እንጠላው ነበር፤ ኪስ ይደርቃል። ዕቁብ የጀመርነውም ለዚያ ነው፣ በጥር እየጣልን በጾም እንድናወጣ። ኋላ ግን ጾሙን እንደ እርሻ ወቅት ቆጠርነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ጭራሽ አንገናኝም። ሁሉም ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዱ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት አንዳችን ቤት ምሳ እንበላለን፤ ሽሮ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን። ቡናው በረካ ደርሶ ረከቦቱ እስኪነሣ ድረስ መሣሪያ ከሳጥኑ አይወጣም። ለመስከረም በሚወጣ ካሴት ላይ የገቡት ዜማዎቻችን አብዛኞቹ ያኔ የመጡ ናቸው። ደብተሩ ይመሰክራል።

በጥር ደግሞ ሌላ ሕግ ነበረን። ከሠርግ በኋላ፣ ሌሊት፣ መኪና ውስጥ ስለ ገንዘብም ሆነ ስለ ዘፈን አይወራም። ደክሞሃል፣ ርቦሃል፣ ጆሮህ ይጮኻል፤ የምትናገረው ሁሉ ስለት ነው። «ለጾም ይደር» እንባባል ነበር። ግማሹ ነገር ጾም ሲደርስ ተረስቶ ይቀራል።

ብቻችሁን ስትሆኑስ? ስለ ዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ስለ ኃይሉ መርጊያ አስባለሁ። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ፤ ከፊሉ ወደ አገሩ ሲመለስ እሱ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን መኪናው ኋላ ይዞ ይዞር ነበር። ተራ እስኪደርሰው እያወጣ ይጫወታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ዓለም ሲጠራው ጣቱ አልዛገም ነበር። ባንድ ይበተናል፤ የእኛም ተበትኗል። የመጠበቂያ ጊዜያችሁ ግን የራሳችሁ ነው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ስልክ ማየትም ይቻል ነበር።

ሳክስፎን ተጫዋቻችንን ከብዙ ዓመት በኋላ ደወልኩለት። የድሮው ካሴት ዩቲዩብ ላይ ሊጫን ነበር፤ የሚጭነው ልጅ የባለሙያዎቹን ስም ጠየቀኝ። ሁለተኛ ዕድል አገኘሁ ብዬ ነው የደወልኩት። መጀመሪያ ድምፄን አላወቀውም። ስነግረው ዝም አለ፤ ያችኑ የድሮ ዝምታውን። «ዜማ በሚለው ላይ ስምህን ላስጽፍ ነው» አልኩት። «የእኔን አትጻፍ፣ የእማዬን ጻፍ» አለኝ። የእናቱን ስም ነገረኝ። ስድስት ዓመት አብሬው ስጫወት ጠይቄው አላውቅም ነበር። አሁን እዚያ ተጽፏል። ከሥሩ አስተያየት የሚጽፉ ሰዎች «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ፣ ግማሹ ገጽ ባዶ ነው። ቡናውን እኔ እገዛለሁ፣ ስኒ ግን የላችሁም፣ ከጎረቤት ተበደሩ። እስክደርስ ምንም ነገር እንዳትሰኩ።