ወንድሜ ካላዛር ይዞት ጥናት ውስጥ ግባ ተባለ፤ ይፈርም ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ታሞ ተመለሰ። ትኩሳቱ አልለቅ አለው፣ ሆዱ አበጠ፣ ሰውነቱ አለቀ። ወባ ነው ሲባል ከርሞ ጎንደር ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። እዚያ "አዲስ የሚዋጥ መድኃኒት እያጠናን ነው፤ ፈቃደኛ ከሆንክ ፈርም" አሉት። እናታችን "ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጉት፣ ደሙን ሊጨርሱት ነው" እያለች ታለቅሳለች። እሱ ደግሞ "ሐኪሞቹ ካሉ ምን አለበት" ይላል። ምን ልበላቸው? (ታላቅ እህቱ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እግዜር ምሕረቱን ያውርድለት። ከእናትዎ ፍርሃት ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የወንድምዎ "ምን አለበት" ነው።

አንድ ጊዜ አንድ በሽተኛ የጥናት ቅጽ ላይ ፈርሞ አገኘሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጣቱ ላይ የስክሪብቶ ቀለም አለ። "ምን ነበር የፈረምከው?" አልኩት። "አልጋ እንዲሰጠኝ" አለኝ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ነጭ ጋውን ፊት እምቢ ማለት ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ፊርማ ግን ፈቃድ አይባልም።

ስለዚህ ወንድምዎ ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ "አልገባም ብል ምን እታከማለሁ?" መልሱ "የተለመደውን ሕክምና፣ ያለ ምንም ቅሬታ" መሆን አለበት። ከገባ በኋላም በማንኛውም ቀን ምክንያት ሳይሰጥ መውጣት ይችላል። በዚህ ላይ የሚያመነታ ሰው ካጋጠመው አይፈርም። ቅጹን ማንበብ ከከበደው በሚገባው አማርኛ ይነበብለት፤ ከጥናቱ ውጭ የሆነ ምስክርም አብሮት ይቀመጥ። እርስዎም ቢገኙ ጥሩ ነው። ሲጨርሱ "እስቲ ምን ገባህ?" ብለው በራሱ አፍ ያስነግሩት።

አሁን ወደ እናትዎ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ በዚህ በሽታ ጥናት ላይ ማንም ሰው ባዶ ክኒን እየዋጠ አይተውም። ብዙ ጊዜ አንዳንዱ አዲሱን፣ ሌላው የተለመደውን መድኃኒት ያገኛል፤ የትኛው ለማን እንደሚደርስ የሚለየው ዕጣ ነው። ሐኪሙም አይመርጥም። ይሄን ወንድምዎ አጥርቶ ይወቅ፤ ጥናት ውስጥ መግባት አዲሱን መድኃኒት ለማግኘት ዋስትና አይደለም። አዲሱ ይበልጣል ማለትም አይደለም። ይበልጥ እንደሆነ ቢታወቅማ ጥናቱ ባላስፈለገ።

ደሙስ? በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። ካላዛር ግን ራሱ ደም ያሳንሳል፤ ስለዚህ በጠቅላላው ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል እንደሚቀዳ ይጠይቁ። ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ያስፈራል፤ ያለ ጥናትም ቢሆን በሽታውን ለማረጋገጥ የሚሠራ ነው። ጥናቱን ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ መርምሮ ማጽደቅ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መፍቀድ አለባቸው። ይሄንንም "አሳዩን" ማለት ነውር የለውም።

አደጋ የለውም ግን አልልዎትም። አዲስ መድኃኒት ያልታየ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ጉዳት ቢደርስ ማን ያሳክመዋል፣ በማን ወጪ? እሱም ቅጹ ላይ ይፈለግ።

ይህን ሁሉ ብዬም ጥናቱን እደግፋለሁ። ድሮ የካላዛር በሽተኛ ስቲቦግሉኮኔት የሚባለውን መርፌ 30 ቀን ይወጋ ነበር። መርፌው ያማል፤ ልብና ቆሽትም ይጎዳል። ከእነ ጎንደርና አርባ ምንጭ በሽተኞች ጭምር በተሠራ ጥናት ፓሮሞማይሲን ከሚባል መርፌ ጋር ሲሰጥ 17 ቀን እንደሚበቃ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ መከረ። በምሥራቅ አፍሪካ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው የያዟቸው ሰዎች የሕክምና ምክር እ.ኤ.አ. በ2022 የተቀየረው ደግሞ ጎንደርና አብዱራፊ ላይ የተሠራ ጥናት ስለነበረ ነው። ዛሬ ወንድምዎ ባይፈርም እንኳ የሚታከመው እነዚያ ሰዎች እሺ ብለው ባስገኙት እውቀት ነው። ለእናትዎ ይህን ይንገሩልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በካላዛር ጥናቶች መዳኑ የሚረጋገጠው ከሆስፒታል ሲወጣ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ይታያል። በሽታው ያገረሻልና። ወንድምዎ ያኔ የት ይሆናል? ሰሊጥ አጨዳ ላይ ከሆነ ማን ይጠራዋል፣ የመኪናውን ማን ይከፍላል? የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ በጥናቱ ይሸፈናል፤ አስቀድመው ያረጋግጡ። ከፈረመ የቅጹን አንድ ቅጂ ይዞ ይውጣ፤ የአጥኚዎቹን ስልክ ቁጥርም እርስዎ ይያዙት።