የጥር ሂሳብ አታሳዩኝ፦ የሰሞኑ ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? መብራት ከሄደ ሁለት ሰአት ሆኖታል፣ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ስልኬ 19 ፐርሰንት ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ንግዳችሁ ለላካችሁልኝ ጥያቄ መልስ ያጠረባችሁ አትቀየሙኝ።

ሱቅ ልከፍት ነው፣ ጠበል የማስረጨው ከመክፈቴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

በፊት። ቆጣሪውን ግን አጥፋው።

ስጋ ቤት ልገዛ ነው፣ ሻጩ ጽዋ ማህበርተኛዬ ነው

ይሄ ወንድማችን ግሽ አባይ አካባቢ ስጋ ቤት ከነምግብ ቤቱ ሊገዛ ነው። ሻጩ የማህበር ጓደኛው ስለሆነ ደብተሩን ማገላበጥ አፍሯል፣ ያሳየው የአንድ ወር ሂሳብ ግን ግሩም ነው አሉ፣ ሌላ ገዢም በር ላይ ቆሟል ተብሏል (ሁሌም አንድ ገዢ በር ላይ ይቆማል)። የየትኛው ወር ሂሳብ ነው ብዬ መልሼ ብጠይቀው የጥር አለኝ።

ጥር! የሰርግ ወር! በጥር ያልሸጠ ስጋ ቤት መቼ ሊሸጥ ነው? ሂድና የሁዳዴን 55 ቀን አሳየኝ በለው፣ የነቢያትን ጾም ከህዳር አጋማሽ ጀምሮ፣ የነሀሴን ፍልሰታ 15 ቀን፣ ከዛ ረቡዕና አርብን ደምርበት፣ የአመቱ ግማሽ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። በነዚህ ቀኖች ምን ይሸጣል? በየአይነቱ አለው? ኪራይ እንደሆነ አይጾምም። ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሰራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ወጪውን ያሰላል ሲል ስለ ጓደኛ ደብተርም እየነገረህ ነው። የግብር ክሊራንሱንም፣ የግብር ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት ማለቴ ነው፣ ጠይቀው። ጓደኛህ ከተቀየመ ከመክፈልህ በፊት ይቀየም። ሂሳብ አዋቂም አሳየው፣ እኔ ቁጥር ላይ ሰነፍ ነኝ።

የአባቴን ዳቦ ቤት ከወንድሞቼ ብገዛ ኃጢአት ነው?

እህቴ፣ ስምሽን ቀይሬም አልጽፈውም፣ ሰፈሩ ያውቅሻል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አባት ዘመናቸውን የሰሩበት ዳቦ ቤት አለ፣ አርፈዋል፣ እሷ በልጅነቷ ከምድጃው ስር ያደገች የመጀመሪያ ልጅ ነች፣ አንዱ ወንድሟ አዲስ አበባ አንዱ ውጭ ነው፣ ሁለቱም ይሸጥ ይላሉ። እሷ ድርሻቸውን ልትገዛ ትፈልጋለች፣ ግን "አባዬ ሊያርፍ ሲል ቄሱ ባሉበት ቤቱ ለሷ ነው ብሏል፣ በረከት በብር ይገዛል እንዴ፣ እነሱስ ከእህታቸው ብር ሲቀበሉ አያፍሩም?" ትላለች።

አይፈሩ! አብርሃም ሳራን የሚቀብርበት ቦታ ሲፈልግ ኤፍሮን በሰው ሁሉ ፊት በነጻ ውሰደው ብሎት ነበር። እምቢ አለ። 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ፣ በከተማው በር፣ ህዝቡ እያየ። ዘፍጥረት 23ን አንብቢው፣ እርሻው፣ ዋሻው፣ ዛፎቹ ሳይቀሩ ተቆጥረዋል፣ ቁጭ ብለው የተዋዋሉት ውል ነው የሚመስለው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከመጽሀፉ በፊት ከቤታችን ነው። አባታችን ወፍጮ ነበራቸው። ሲያርፉ ታላቅ ወንድሜ "ለኔ ነው ያሉት" ብሎ ያዘው፣ ማንም አልተከራከረም፣ እኔ እንደውም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዱቄት ሲጠጣ የኖረው እሱ ነዋ። ወረቀት የለ፣ ድርሻ የለ፣ ስድስት አመት ዝም። ከዛ ሞተሩ ተቃጠለና አዲስ ለመግዛት አዋጡ አለን፣ እህቴ "ትርፉን ስትበላ ጠይቀኸናል?" አለችው፣ በቃ ያቺ ቃል ናት። የአባታችን ሰባተኛ አመት መታሰቢያ በአንድ ቀን ሁለት ቤት ተደገሰ፣ ቄሱ ከአንዱ ቤት በልተው ተነስተው ሌላኛው ቤት ደግሞ እንደ አዲስ ሲባርኩ በአይኔ አየሁ። የወፍጮው ቺንጋ እስከዛሬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ደርቋል።

ደሞ ህጉም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ የቃል ኑዛዜን በጣም አጥብቦታል፦ ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳጊ፣ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ፣ አለቀ። ዳቦ ቤት እዛ ውስጥ አይገባም። የጽሁፍ ኑዛዜ ወይ ሟች ሙሉውን በራሱ እጅ የጻፈው መሆን አለበት፣ ወይ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ምስክር ፊት ተነቦ የተፈረመ። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ናቸው፣ ወንድ ሴት የለም። የአባትሽ ቃል ውድ ነው፣ ግን ፍርድ ቤት ላንቺ አይሰጥልሽም።

አሁን የከነከነኝን ልንገርሽ። አራት ገጽ ጽፈሽ እናትሽ አንድ ቦታ ብቻ ነው የተነሱት፣ ወንድሞችሽ ሲጨቃጨቁ ቡና ያፈሉ ነበር ብለሽ። በህይወት አሉ ማለት ነው! በትዳር ያፈሩት ንብረት ከሆነ ግማሹ ከውርሱ በፊት የሳቸው ነው፣ እናንተ የምትካፈሉት የአባታችሁን ግማሽ ነው። ማን ጠየቃቸው? ምናልባት መሸጥ ይፈልጉ ይሆናል፣ ምናልባት ከሁላችሁም የተሻለ ሊጥ ያቦኩ ይሆናል።

ቤቱንና ስራውን ለይታችሁ አስገምቱ፣ ዳቦ ቤቱ ላይ ያለው የአባትሽ ስምና የለመደው ደንበኛም ዋጋ አለው፣ ነጻ እንዳይመስልሽ። ውጭ ያለው በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክ። በየወሩ የምትከፍይ ከሆነ ቀኑም መጠኑም ይጻፍ። ይሄን ግን ያለ ጠበቃ እንዳትነኪው፣ በኔ ጽሁፍ ተማምነሽ እንዳትፈርሚ፣ ነገ ሂጂ፣ እናትሽን ይዘሽ።

የገዛሁት ካፌ መንፈሳዊ እንዲሆን አራቱን ሰራተኞች አሰናብቼ የሰንበት ተማሪዎች ልቅጠር?

ባለቤት ተቀየረ ተብሎ የስራ ውል አይቋረጥም፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ሰው አስነብብ። ደግሞ "የድሮው ባለቤት የሁለት ወር ደሞዝ አልከፈለንም ይላሉ" ብለህ የጻፍከው አንተው ራስህ ነህ። መንፈሳዊነቱን ከሱ ጀምረው።

አስራት ከሽያጭ ነው ከትርፍ?

የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። ባይሆን ስለማውቀው ልናገር፦ የሰራተኛ ጡረታ 7 ፐርሰንት ከነሱ ደሞዝ ትቆርጫለሽ፣ 11 ካንቺ ትጨምሪያለሽ። "ለጊዜው እያዞርኩበት ነው" ያልሽው ያ 7 ፐርሰንት የሰው ገንዘብ ነው፣ ቅድሚያ እሱን አስገቢ።

የአባቴን ፎቶ ካሸር ላይ ልስቀል?

ስቀይው። ከዱቤ ደብተሩ በላይ ይሁን፣ አሳ የምትጠብሺ ከሆነ ግን መስታወት አድርጊበት፣ ዘይቱ በሶስት ወር ያጠፋቸዋል።