«ሙይንቱ» መቼ ይለወጣል?

ጥያቄ፦ በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ እንግዶችን አስጎበኛለሁ። ከብራዚል የሚመጡም ስላሉ ፖርቱጋልኛ እየተማርሁ ነው። «ብዙ» ማለት «ሙይቱ» ነው ብዬ ይዤ ነበር። «ሙይቱ አግዋ» (ብዙ ውሃ) ስል «ሙይንታ» ብለው ያርሙኛል። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው ለማለት «ሙይንታ ፍሪያ» ስል ደግሞ «ሙይንቱ» ይሉኛል። ሕጉ ምንድን ነው? ለስፓኒሽና ለጣሊያንኛስ ያገለግላል?

መልስ፦ ሁለቱም እርማቶች ትክክል ናቸው። አማርኛ «ብዙ» እና «በጣም» ብሎ ለሁለት የከፈለውን ሥራ ፖርቱጋልኛ ለአንድ ቃል ሰጥቶታል። ቃሉ ስምን ሲገልጽ፣ ማለትም እኛ «ብዙ» በምንልበት ቦታ፣ የስሙን ፆታና ቁጥር ይከተላል፦ ሙይንቱ ሜል (ብዙ ማር)፣ ሙይንታ አግዋ (ብዙ ውሃ)፣ ሙይንቱስ ፔሬግሪኑስ (ብዙ ተሳላሚዎች)፣ ሙይንታስ ኢግሬዣስ (ብዙ አብያተ ክርስቲያናት)። ቅጽልን ሲያጠነክር፣ «በጣም» በምንልበት ቦታ፣ አይለወጥም። «ፍሪያ» በአንስታይ ፆታ ቢሆንም ከፊቱ ያለው «ሙይንቱ» እንዳለ ይቀራል።

በአማርኛ እየመነዘሩ መፈተን ይረዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ያሳስታል። «ብዙ ይሠራል» ስንል «ብዙ» አልን እንጂ የተገለጸው ስም ሳይሆን ግሥ ነው፤ ስለዚህ «ትራባልያ ሙይንቱ» ይባላል፣ ሠራተኛዋ ሴት ብትሆንም። ዓይንዎን ከ«ብዙ» አንሥተው አጠገቡ ያለው ቃል ላይ ያድርጉ።

ምስጋና ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወንድ «ሙይንቱ ኦብሪጋዱ»፣ ሴት «ሙይንቱ ኦብሪጋዳ» ትላለች። የሚለወጠው ሁለተኛው ቃል ነው፤ የሚለወጠውም በአመስጋኙ ፆታ እንጂ በተመስጋኙ አይደለም። እርስዎ ወንድ ከሆኑ ለሴት እንግዳም «ኦብሪጋዱ» ነው የሚሉት። «በጣም ብዙ» ለማለትም ቃሉን «ሙይንቱ ሙይንታ» ብለው አይደርቡት፤ «ሙይንቺሲማ አግዋ» ይበቃል።

ስለ አነባበቡ፦ በጽሕፈቱ ውስጥ የ«ን» ፊደል የለም፣ «ሙይቱ» ብለው መያዝዎም ከዚያ የመጣ ይሆናል። የመጀመሪያው «ም» በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ተከታዩን አናባቢ አብሮ ስቦታል። «ን»ን ምላስዎን ጥርስ ላይ አጥብቀው አይጥሩት፤ አየሩ በአፍንጫ ይውጣ። በፖርቱጋል የብዙ ቁጥሩ «ስ» ወደ «ሽ» ይሄዳል፦ ሙይንቱሽ።

ወደ ዘመዶቹ ስንመጣ፣ ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ ከላቲኑ «ሙልቱስ» የወረዱ ናቸው። የጣሊያንኛው «ሞልቶ» ሕጉ ከፖርቱጋልኛው ጋር አንድ ነው፦ ሞልታ አኳ፣ ግን ሞልቶ ፍሬዳ። ስፓኒሽ እንደ እኛ ለሁለት ከፍሎታል፤ «ሙቾ፣ ሙቻ» ለብዙ፣ «ሙይ» ለበጣም። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ቀላሉ ነው፤ ሆኖም «በጣም የተሻለ» ሲሉ «ሙይ» ሳይሆን «ሙቾ ሜሆር» ነው። ሩማንያኛ «ሙልት» ብሎ ለበጣም «ፏርቴ» የሚል ሌላ ቃል አለው። ለልደትና ለአዲስ ዓመት የሚመኙት «ላ ሙልጽ አኒ» ቃል በቃል «ለብዙ ዓመታት» ነው፤ የእኛን የበዓል ምርቃት ለሚያውቅ አይከብድም። ፈረንሳይኛ ግን ከቤተሰቡ ወጥቷል። «ቦኩ» ከሌላ ሥር የመጣ ነው፣ በፆታ አይለወጥም፣ ከስም በፊትም «ደ» ይፈልጋል፦ ቦኩ ደ ሚዬል (ብዙ ማር)።

በጎጃም ደግሞ ማርና ወተት ሳይነሣ ስለማይቀር ይህን ይያዙ። ማር በፖርቱጋልኛ ተባዕት ነው፣ «ሙይንቱ ሜል»፤ በስፓኒሽ አንስታይ ነው፣ «ሙቻ ሚዬል»። ወተትም እንዲሁ፦ «ሙይንቱ ሌይቺ»፣ «ሙቻ ሌቼ»። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ተማሪ የስሙን ፆታ አብሮ ማሻገር የለበትም፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ስሙን ብቻውን ሳይሆን ሁልጊዜ ከ«ሙይንቱ» ወይም ከ«ሙይንታ» ጋር አጣምሮ ማጥናት ይሻላል።

ለእንግዶችዎ የሚነግሩት አንድ ነገር፦ በ1618 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ግሽ ዓባይን ያየው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ስፓኒሽ ነበር፤ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው ግን በፖርቱጋልኛ ነው።

ጥያቄ፦ በቡሬ ጤፍ እነግዳለሁ። የፖርቱጋልኛው «ኪንታል» የእኛው ኩንታል ነው?

መልስ፦ ሥሩ አንድ ነው፤ ከዓረብኛው «ቂንጣር» ጋር ይያያዛል። ልኩ ግን ይለያያል። የእርስዎ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የድሮው የፖርቱጋል ኪንታል 4 አሮባ (የድሮ የክብደት መለኪያ)፣ 58.75 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የካስቲያው (የስፔኑ) ደግሞ 46 ኪሎ አካባቢ። ስለዚህ ቆየት ያለ ጽሑፍ ላይ ሲያገኙት በ100 አያባዙት። አንድ ብራዚላዊ «ሜው ኪንታል» ቢልዎ ደግሞ ስለ እህል ላይሆን ይችላል፤ ከሌላ ሥር የመጣ፣ «ጓሮዬ» ማለት የሆነ ተመሳሳይ ቃል አለ።